ስላይደርን የሚበላው የበረዶ ጥማት ነው፦ በሰፊው ለተዘዋወረ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የስኖሞቢል (የበረዶ ላይ ሞተር ማሽን) ስላይደር፣ ማለትም ከማሽኑ ሥር የሚዞረው የጎማ ሰንሰለት የሚንሸራተትበት የፕላስቲክ ዘንግ፣ ያለ ጊዜው ለምን እንደሚያልቅ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙዎች ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ምክሩም ለመከተል አይከብድም። ችግሩ ከምክሮቹ ገሚሱ ስላይደሩን የሚያቃጥሉ መሆናቸው ነው። ዝም ቢባል የሚከስረው አንባቢው ስለሆነ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ስላይደር ቶሎ የሚያልቀው ፕላስቲኩ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ግራፋይት የተቀላቀለበትን ውዱን የገዛ ይገላገላል ይላሉ። የላላ ሰንሰለት ስላይደሩን እየደበደበ ስለሚጨርሰው ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው ይላሉ። ብርዱ ራሱ ስላይደሩን ስለሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ሙቀት መለኪያ እስካልጨመረ ድረስ ሥጋት የለም ይላሉ። ስላይደሩን በተሸከመው ሐዲድ ላይ የሚታሰሩት የበረዶ መጫሪያዎች ተሰባሪ ጌጦች ናቸው፤ ይልቅስ ስላይደሩ ሰንሰለቱን እስከማይነካ ድረስ ሩሎ (በሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ጎማ) መጨመር ይሻላል ይላሉ። ከጉዞ በፊት ሲሊኮን መርጨትን፣ እንዲሁም ስላይደሩን በሁለቱም ጫፍ በብሎን ማሰርን ይመክራሉ።

መልሱን ከብርዱ ልጀምር፤ የሌሎቹ ስሕተቶች ሥር እዚያ ነውና።

ስላይደር ከአሉሚኒየሙ ሐዲድ የታችኛው ጠርዝ ጋር የሚጠላለፍ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ሰንሰለቱ በዞረ ቁጥር በጎማው ላይ ባሉት መስኮቶች (ቀዳዳዎች) ጠርዝ ላይ የታቀፉት የብረት ክሊፖች በዚህ ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታሉ። ፕላስቲኩ እጅግ ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ያለው ፖሊኢቲሊን ነው። መፋቅን በመቋቋም ከፕላስቲኮች ሁሉ የፊተኛው ተርታ ላይ ይሰለፋል፤ ከሙቀት ጋር ግን አይስማማም። ከ130 እስከ 136 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ ከዚያ አስቀድሞም ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ሙቀትን ከገጹ ወደ ውስጥ በደንብ ማሳለፍ ስለማይችል በሰበቃ የተፈጠረው ሙቀት ክሊፑ በሚነካው ስስ ገጽ ላይ ይከማቻል። ክሊፑ ወደ ላይ ዞሮ ሲመለስ የመቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል፤ ስላይደሩ ግን ፋታ የለውም።

ታዲያ በደህናው ቀን የማይቀልጠው ለምንድን ነው? ሰንሰለቱ እየዛቀ ወደ ውስጥ የሚወረውረው በረዶ ክሊፑና ስላይደሩ መካከል ገብቶ ስለሚቀልጥ ነው። የሚቀረው ስስ የውሃ ሽፋን ሰበቃውን ይቀንሳል፤ መቅለጡ ደግሞ ሙቀቱን ይወስዳል። ስላይደር ማለት ግራሶው በረዶ የሆነ ኩሽኔታ ነው። ግራሶ የሌለው ኩሽኔታ ምን እንደሚሆን ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

በቁጥር እንየው። ስላይደሮቹ በድምሩ የ100 ኪሎ ክብደት ተሸክመው በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚጓዙ ናቸው እንበል። ገጹ ርጥብ ሆኖ የሰበቃው መጠን 0.05 ቢሆን የሚፈጠረው ሙቀት 1.4 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ገጹ ደርቆ መጠኑ 0.15 ቢደርስ ሙቀቱ ወደ 4.1 ኪሎዋት ይወጣል፤ ይህም የሁለት ትልልቅ የማብሰያ ምድጃዎች ጉልበት በሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ መጣል ነው። በረዶ ሲቀልጥ በኪሎ 334 ኪሎጁል ሙቀት ስለሚወስድ፣ ያንን 4.1 ኪሎዋት ለማጥፋት የሚያስፈልገው በሴኮንድ 12 ግራም በረዶ ብቻ ነው። አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም፤ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ መድረስ አለበት።

ቀዝቃዛ አየር ይህንን ሥራ ሊሠራ አይችልም። እንዲያውም ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ወይም 30 ዲግሪ ሲወርድ በረዶው ደረቅና ሻካራ ይሆናል፤ ከጫማ ሥር እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሸው ያኔ ነው። የውሃ ሽፋኑም በቀላሉ አይፈጠርም። ስለዚህ «በጣም ስለሚበርድ ስላይደሩ ደህና ነው» የሚለው አባባል በጠንካራ መንገድ ላይ የተገላቢጦሽ ነው።

የሞተሩን መለኪያ በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በፈሳሽ በሚቀዘቅዝ ማሽን ላይ የሙቀት መለዋወጫው ከሰንሰለቱ በላይ ሆኖ በሚረጨው በረዶ ስለሚቀዘቅዝ፣ መለኪያው ሲወጣ ስላይደሩም በረዶ እንዳጣ መገመት ትክክል ነው። ነገር ግን ተቃራኒው አይሠራም። መለኪያው አልወጣም ማለት ስላይደሩ አልነደደም ማለት አይደለም። ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ሙቀቱን ለደቂቃዎች ይሸከማል፤ የስላይደሩ ገጽ የሚሸከምበት ነገር የለውም። ራዲያተር የተጨመረለት ማሽን ላይ ሞተሩ በአየር ይቀዘቅዛል፤ በማራገቢያ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም። ከመለኪያው የሚቀድሙ ምልክቶች አሉ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ክሊፖቹ ላይ የተቀባ የፕላስቲክ ቅሪት፣ ቆሞ ለመነሣት ሲሞከር ሰንሰለቱ ተጣብቆ እምቢ ማለት።

ስለዚህ በጠንካራ ወይም በግግር መንገድ ላይ የመጀመሪያው መድኃኒት ፍጥነት መቀነስ ነው። ከላይ ባለው ስሌት፣ በደረቅ ገጽ ላይ በሰዓት 40 ኪሎሜትር መሄድ የሚፈጥረው ሙቀት 1.6 ኪሎዋት ነው፤ በርጥብ ገጽ በ100 ከመሄድ ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው፣ ዳሩ ክፍትና ከድንጋይ ነፃ በሆነበት ሁሉ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ልቅ በረዶ ገባ ብሎ መውጣት ነው። በተለይ ከመቆም በፊት እንዲህ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የጋለ ስላይደር በቆመበት ክሊፖቹን አቅፎ ይጠነክራልና። ተጣብቆ ከተገኘ ጋዝ መስጠት የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈውን ቀበቶ ያቃጥላል፤ ሞተሩን አጥፍቶ የኋላውን ከፍ እያደረጉ መልቀቅ ይበጃል።

ወደ ሰንሰለቱ ውጥረት ልለፍ፤ ከምክሮቹ ሁሉ ቶሎ የሚጎዳው ይህ ነውና። የላላ ሰንሰለት አደጋ እንዳለው አልክድም። መዘውሩ ጥርሱን ይዘልለዋል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንቋቋል፣ ሲብስም ከሐዲዱ ይወጣል። መልሱ ግን «ጠበቅ» አይደለም። በታጠፈ ነገር ላይ የተወጠረ ገመድ በተወጠረ ቁጥር ማጠፊያውን የበለጠ ይጫናል። የስላይደሩ ማጠፊያ ከፊት ሐዲዱ ወደ ላይ የሚቀናበት ቦታ ነው፤ ጥብቅ ሰንሰለት በመጀመሪያ የሚበላውም እዚያን ነው። ጉልበት ይሰርቃል፤ የሩሎዎቹንም ኩሽኔታ ያደክማል።

ሰንሰለቱ ከስላይደሩ ወደ ታች ምን ያህል ይርገብ ለሚለው ጽሑፉ «20 ሚሊሜትር በቂ ነው» ይላል። ምን ያህል ክብደት ተሰቅሎበት? ያለ ክብደቱ ሚሊሜትሩ ትርጉም የለውም። አንዳንድ ማኑዋሎች 4.5 ኪሎ ገደማ ክብደት ከኋላው አክስል መሐል 40 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ላይ ሰቅለው ይለካሉ፤ ሌሎች 7.3 ኪሎ ይጠቀማሉ። ለራስ ማሽን የተጻፈውን ሦስቱንም ቁጥር፣ ማለትም ክብደቱን፣ ቦታውንና ርቀቱን መያዝ ግድ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ማሽኑን 15 ወይም 20 ደቂቃ በበረዶ ነድቶ ሰንሰለቱን ማፍታታት፤ ሞተሩን ማጥፋት፤ ሰንሰለቱ በነፃ እንዲንጠለጠል የኋላውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ማንሣት፤ ክብደቱን ሰቅሎ ከስላይደሩ ሥር እስከ ክሊፑ ውስጠኛ ገጽ መለካት። ለማስተካከል የኋላው አክስል ብሎን ይላላል፤ ከዚያ የግራና የቀኙ ማስተካከያ እኩል ይዞራል።

ይህ ሲያልቅ መስመሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ወደ ጎን ሳያደላ መሄዱ፣ ይታያል፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሣውም። ከኋላ ማንም ሳይቆም ሰንሰለቱን በዝግታ ማዞርና በሁለቱም ሐዲዶች ዘንድ በጎማው ጥርሶችና በስላይደሩ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ወደ ግራ ካደላ የግራው ማስተካከያ ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ካደላ የቀኙ። ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ፣ እንደገና አስነሥቶ ማየት። መስመሩ ከተነካ ውጥረቱ እንደገና ይለካል፣ አንዱ ሌላውን ያናጋልና። አዲስ ሰንሰለት ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ስለሚረዝም መለካቱ ይደገማል።

የበረዶ መጫሪያዎቹ «ጌጥ» መባላቸው ያሳዝናል። እነዚህ የሞላ ብረት ዘንጎች ወይም ኬብሎች በጠንካራ ገጽ ላይ ጫፋቸውን እየጎተቱ የተፈጨውን በረዶ ወደ ሰንሰለቱ ውስጥ ይረጫሉ። ያንን በሴኮንድ 12 ግራም በረዶ በግግር መንገድ ላይ ከየት ይመጣል ለሚል ጥያቄ መልሱ እነርሱ ናቸው። ይሰበራሉ መባሉ እውነት ነው፤ የሚሰበሩት ግን በአብዛኛው ለኋላ ማርሽ ያልተሠራው ዓይነት ሳይነሣ ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። ሲገጠሙ አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ጫፋቸው ሰንሰለቱን እንዳይነካ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በባዶ አስፋልትና በጠጠር ላይ ምንም አያደርጉም፤ የሚጭሩት በረዶ የለምና። እንዲህ ያለውን መሻገሪያ በቀስታ ማለፍና ወዲያው በረዶ ማስነካት እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ሩሎ መጨመርን እኔም እመክራለሁ፤ «ስላይደሩ እስከማይነካ ድረስ» የሚለውን ግን አይደለም። ስላይደሩ ሸክም ብቻ አይሸከምም፤ በመሪ ክሊፖቹ ጆሮዎች መካከል ተቀምጦ ሰንሰለቱ ወደ ጎን እንዳይሄድም ይይዛል። ሐዲዱ ከፍ ብሎ ያ መያዣ ከጠፋ፣ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ሰንሰለቱ ሊወጣ ይችላል። ሩሎው በበዛ ቁጥር ክብደት ይጨምራል፣ በረዶም ይቋጠርበታል። ለጥልቅ በረዶ የተሠሩ የተራራ ማሽኖች ሩሎ የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጠንካራ መንገድ ላይ ስላይደራቸው ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ስላይደሩ በጥልቀት የተበላበትን ቦታ መፈለግና አንድ ጥንድ እዚያው መጨመር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ማጠፊያ ጥቂት ወደ ኋላ ይሆናል። ከመጨመር በፊት ግን ያሉት ይፈተሹ። ጎማው የተበላ ሩሎ ሸክሙን ለስላይደሩ አስረክቧል። በእጅ ሲዞር የሚንገራገጭ ወይም የማይዞር ካለ ኩሽኔታው ይቀየር።

ርካሽ ፕላስቲክ የሚለውን ክርክር ለመመለስ የተበላውን ስላይደር አውጥቶ ማየት ይበቃል። ቁሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ችግሩ ቁሱ ከሆነ ከፊት 9 ሚሊሜትር፣ ከኋላ 15 ሚሊሜትር የሚሆነው እንዴት ነው? ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ስላይደሮች ግራው ሲያልቅ ቀኙ አዲስ የሚመስለውስ? ፕላስቲኩ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው። በእርግጥ የጥራት ልዩነት አለ። ግራፋይት ሰበቃን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሙቀት የሚችል ማስገቢያ የተቀበረባቸው ስላይደሮችም በረዶ ባነሰበት መንገድ ዕድሜ ያራዝማሉ። ቀለም ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ከዋጋው ይልቅ ቅርጹ ከሐዲዱ ጋር በትክክል መግጠሙ ይበልጣል፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ብዙ ቅርጾች አሉና።

አበላሉን ማንበብ የተማረ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምክንያቱን ያገኛል። በመለኪያ ካሊፐር በየ25 ሴንቲሜትሩ ውፍረቱን መዝግቡ። ከፊተኛው ማጠፊያ ላይ ብቻ ከተበላ ጥብቅ ሰንሰለትን ወይም ከልክ በላይ የጠነከረ የፊት ሞላን ጠርጥሩ፤ ጠንካራ ሞላ የሐዲዱን አፍንጫ ወደ ታች ይጫናል። አንድ ጎኑ፣ በተለይም የውስጥ ወይም የውጭ ጠርዙ ከተላጠ መስመሩ ተዛብቷል። አንደኛው ስላይደር ብቻ ካለቀ የታጠፈ ሐዲድ ወይም በዚያ ጎን የተጣበቀ ሩሎ ይፈለግ። ገጹ ያበጠ፣ የተዘረጋና የተቀባ የሚመስል ከሆነ ቀልጧል፤ የጎደለው በረዶ ነው። ቀጥ ያሉ ጥልቅ ጭረቶች ካሉበት ግን የፈጫቸው ክሊፕ ወይም አሸዋ ነው።

ክሊፖችን ጽሑፉ አንድ ጊዜም አለማንሣቱ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ርዝመቱ 3.48 ሜትር የሆነ ሰንሰለት በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲዞር፣ አንድ ስለታም ክሊፕ ስላይደሩን በሴኮንድ 8 ጊዜ ይልጠዋል። በዚያ ላይ የትኛውንም ውድ ስላይደር ብትገጥሙበት እንደ ካሮት ይላጣል። ሰንሰለቱን በእጅ ቀስ እያሉ አዙሮ እያንዳንዱን ማየት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ። የጎደለ ይተካ፤ የታጠፈ ወይም ጠርዙ የሰላ በአዲስ ይቀየር። ክሊፕ በጎደለበት መስኮት ሸክሙ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚዞር አንዱን ችላ ማለት ሌሎቹን ማስረጀት ነው።

ሲሊኮኑ ብዙ አያነጋግርም፤ የመጀመሪያው በረዶ ያጥበዋል። የነዳጅ ውጤት የሆነ ቅባት ከሆነ ደግሞ የሰንሰለቱን ጎማ ይጎዳል። ስላይደር ሲገጠም ለማንሸራተት ቢጠቅም እንጂ ለጉዞ አይሆንም።

በሁለቱም ጫፍ ማሰር ግን በዝምታ የማይታለፍ ስሕተት ነው። ይህ ፕላስቲክ በሙቀትና በብርድ ከአሉሚኒየም እጅግ በላይ ይረዝማል፤ ያጥራልም። 1.4 ሜትር ርዝመት ያለው ስላይደር በ40 ዲግሪ ልዩነት 1 ሴንቲሜትር ያህል ሲለወጥ፣ ሐዲዱ የሚለወጠው 1.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም ጫፍ ከታሰሩ ሲግል መውጫ አጥቶ ይቆለመማል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የብሎኑን ቀዳዳ ይቀድዳል። አምራቾች ከፊት ብቻ በአንድ ብሎን የሚያስሩበት ሌላም ምክንያት አለ። ማሽኑ ወደ ፊት ሲሄድ ሰንሰለቱ ከሐዲዱ ሥር ወደ ኋላ ያልፋል፤ ሰበቃውም ስላይደሩን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከፊት የተያዘ ስላይደር ተጎትቶ ቀጥ ይላል፤ ከኋላ ቢያዝ ግን ተገፍቶ ይታጠፍ ነበር።

ስለ መቀየሪያው ጊዜ ጸሐፊው «ሐዲዱ እስኪታይ ድረስ ይሠራል» ብለዋል። ሐዲዱ ከታየማ ክሊፖቹ አሉሚኒየሙን መቁረጥ ጀምረዋል። በብዙ ማኑዋሎች የመጨረሻው ውፍረት 10 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ስላይደር ጎኑ ላይ የወሰን መስመር አለው። ከዚያ በታች ሐዲዱን ያቀፈው ከንፈር ስለሚሳሳ ስላይደሩ በጉዞ ላይ ተላቅቆ ሰንሰለቱን ሊይዘው ይችላል። ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። የፊት ብሎኑ ከወጣ በኋላ አሮጌው በእንጨትና በመዶሻ ወደ ኋላ እየተመታ በሰንሰለቱ መስኮት በኩል ይወጣል። የሐዲዱ ጠርዝ ላይ ያለው ሹል ነገር በሞረድ ይላላጥ፤ አዲሱ ቤት ውስጥ ሞቆ፣ በሳሙና ውሃ ርሶ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይገፋ። በብርድ የደረቀውን በግድ መምታት ከንፈሩን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹም ጉዞዎች በልቅ በረዶ ላይ ይሁኑ፤ አዲሱ ገጽ ከክሊፖቹ ጋር ገና አልተላመደምና።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሊያርሙ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ሌላው ሁሉ ቢቆይ ሁለቱን አንቀጾች አስቀድመው ቢያነሡ ደስ ይለኛል፦ ሰንሰለቱን ጠበቅ አድርጉ የሚለውንና የኋላውን ጫፍ በስታችሁ ብሎን አስገቡ የሚለውን። የመጀመሪያውን የተከተለ ሰው በማግሥቱም ሊያላላው ይችላል። ሐዲዱ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን አይደፈንም።